የተቀባዩ ተራ

ከጋዝጊብላ ወደ ሰቆጣ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከኋላዬ አንዲት እናትና አንዲት ወጣት ያወራሉ።

«ሰቆጣ ለምን ይሄዳሉ፣ እማማ?»

«የልጄን ሐኪም ላነጋግር። ወንድሟ ከሞተ ወዲህ ከአፏ ቃል አልወጣም ነበር። እዚያ ታማሚዎቹን ሰብስበው በከበሮ ያዘፍኗቸዋል፤ አንዱ ያወርዳል፣ ሌላው ይቀበላል።»

«ታዲያ ተሻላት?»

«መዝፈን ጀምራለች። ቤት ውስጥ ብቻዋን ታወርድና ዝም ትላለች። ተቀባይ እስኪጨርስ ያህል ትቆይና ደግሞ ትቀጥላለች።»

«እርስዎ ለምን አይቀበሏትም?»

«ትናንት ተቀበልኳት። እጇን አፌ ላይ አደረገች።»

«ምንም ሳትናገር?»

«ተናገረች እንጂ። ‹እማዬ ቆይ፣ እሱ ይጨርስ› አለችኝ።»



«መናገሯ ራሱ ደግ ነው፣ እማማ።»

«እኔም እንዲያ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።»

«ታዲያ ሐኪሙን ምን ሊሉት ነው?»

«ዛሬ ጠዋት ስትዘፍን እኔም ዝም ብዬ ጠበቅኩ። ወንድሟ ተቀብሎ ሲጨርስ ለእኔም ታወቀኝ።»

ሾፌሩ ዘፈን ከፈተ፤ እንደ ልማዴ ከተቀባዮቹ ጋር ላንጎራጉር አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት።