የተጨበጠው እጅ፦ የወይዘሮ ኤርሲሊያ ኛባንጋ ዜና ሕይወት

ወይዘሮ ኤርሲሊያ ኛባንጋ ዛሬ በዚህ ቤተ ክርስቲያን ከፊት ወንበር የተቀመጡትን ወይዘሮ ዴኦሊንዳ ማቡንዳን በውሸት በድለዋቸዋል። ዜና ሕይወታቸው ከልደታቸው ሳይሆን ከዚህ እንዲጀመር ያዘዙት ራሳቸው ናቸውና፣ ቅር የሚለው ዘመድ ካለ ቅሬታውን ለእርሳቸው ያቅርብ።

ወይዘሮ ኤርሲሊያ ከባቡር ሠራተኛው ከአቶ ዜፋኒያስና የካሹ ለውዝ በመሸጥ ካሳደጓቸው ከወይዘሮ ኖኤሚያ በማፑቶ፣ ማፋላላ ሰፈር ተወለዱ። በመነኮሳት ትምህርት ቤት ሲማሩ አጭር ናቸው ተብለው ከተጠባባቂዎች ጋር ቢቀመጡም፣ ኳስ ሲያነጥሩ ዓይናቸው መሬት ስለማያይ ለከተማው የቅርጫት ኳስ ክለብ ፖይንት ጋርድ፣ ማለትም ጨዋታውን በእጅ ምልክት የሚመሩ ኳስ አከፋፋይ ሆኑ። ደጋፊውም "አንቺ አጭሯ፣ ረጃጅሞቹን ንጂያቸው!" ይላቸው ነበር።

በአህጉሩ የክለቦች ፍጻሜ፣ በአንድ ነጥብ እየተመሩ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል፣ ደረታቸው ላይ እጃቸውን ጨበጡ፤ ይህም ኳሱ ቀኝ ጥግ ለሚቆሙት ለወይዘሮ ዴኦሊንዳ ይሰጣል ማለት ነበር። ወይዘሮ ዴኦሊንዳ ደርሰው፣ የሚጠብቃቸው ተጋጣሚ ሳይኖር ቆመው ሲጣሩ፣ ሟች ግን የራሳቸው ስም እንዲጠራ ጓጉተው ወረወሩና ሳቱ። ምልክቱን ከተቀመጡበት ማየት ላልቻሉት አሠልጣኝም "እኔ ሁለት ጣት ነው ያሳየሁት፣ ወደ ግራ ሂጂ ብያት፤ እሷ ናት የተሳሳተችው" አሉ። በክለቡ ልማድ በምልክት ጉዳይ የአከፋፋይ ቃል አይሻርምና ታመኑ፤ ያዩት ጓደኞቻቸውም ዝም አሉ።

ወይዘሮ ዴኦሊንዳ ከክለቡ ተባረሩ፤ ሚኒባስ በተሳፈሩ ቁጥርም "እህቴ፣ ቀኝሽ የቱ ነው? ለሹፌሩ መንገድ እንዳታሳዪው አደራ!" እየተባሉ ኖሩ።

ሟች ግን ወደ ሉዋንዳ ተሻግረው፣ በደሞዝ ተጫውተው፣ ዋንጫ አንሥተው፣ አቶ ባሲሊዮን አግብተው ሁለት ሴት ልጆች ወለዱ። ይሁንና በቴሌቪዥን ጨዋታ ሲያዩ አንዲት ተጫዋች ጥጉ ላይ ቆማ እጇን ካነሣች፣ ተነሥተው ወጥ ቤት ይገቡ እንደነበር ልጆቻቸው ይመሰክራሉ። ኩላሊታቸው ታምሞ አልጋ በያዙ ጊዜ፣ ወይዘሮ ዴኦሊንዳን አስጠርተው፣ እያለቀሱ ሁሉንም ተናዘዙ።

ባለቤታቸውን፣ ልጆቻቸውንና አንድ የልጅ ልጅ ትተው ዐርፈዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በሰላም ያሳርፍ፤ አይተው ዝም ያሉትንም ይቅር ይበል።

ወይዘሮ ዴኦሊንዳ ያን ቀን ኑዛዜውን እስከ መጨረሻ ሰምተው፣ ያገለደሙትን የካፑላና ጨርቅ አጥብቀው ከተነሡ በኋላ የመለሱት ቃል ይህ ነበር፦

"ለእኔማ ምን ትነግሪኛለሽ ኤርሲሊያ፤ እኔ እዚያው ጥግ ቆሜ ነበር እኮ! ለእነሱ ንገሪያቸው።"