ንግሥቲቱ የቆመችበት ሳንቃ

ክቡራትና ክቡራን፣ የተከበሩ የሙዚቃ መሪያችን ማዕስትሮ፣ እናንተም ምድር ቤት የምትውሉ ወንድሞቼና እህቶቼ፤ ይህን ወይንና ይህን ደስታ ስላዘጋጃችሁልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ከመድረኩ ሥር ኖሬ ዛሬ ላዩ ላይ አቆማችሁኝ። መብራቱ እንዲህ ዓይን ያጠፋል እንዴ? ዘፋኞቹን በከንቱ ሳማ ኖሬአለሁ!

«አንሴልሞ ገመዱን ሦስቴ ካልዳበሰ ምሳ አይወርድለትም» እያላችሁ ትስቁብኛላችሁ። ልማዱን ከየት እንዳመጣሁት ግን ማን ጠየቀኝ? እኔም አልተናገርኩም። ፈርቼ።

ከብዙ ዓመት በፊት ስለ አንዲት የጥንት ንግሥት የሚተርክ ኦፔራ እናሳይ ነበር። ባሏን አስገድላ፣ በመጨረሻ በቁሟ ወደ መቃብሩ የምትወርድ ንግሥት። እሷን ሆነው የሚዘፍኑት ሲኞራ ኤርሲሊያ ቦንፋዲኒ ነበሩ። የመጨረሻውን ዜማ የሚዘፍኑት መቃብሩ አፍ መሀል፣ በገመድ በተንጠለጠለ ሳንቃ ላይ ቆመው ነው። ዜማው ሲያልቅ ሳንቃው ላይ ይወድቃሉ፤ እኔና የሥራ ባልደረባዬ ቱሊዮ ቀስ አድርገን እናወርዳቸዋለን። ከሥራቸው የሦስት ሰው ቁመት ጨለማ አለ።

እሑድ ነበር፤ ትዕይንቱ ከሰዓት በኋላ ነው። ጠዋት ቱሊዮ ጠራኝ።

«አንሴልሞ፣ ና እየው። ገመዱ መዘውሩ ጋ ሳስቷል። ይቀየር።»

«ለዛሬ አይበቃም?»

«እኔ እንጃ። አለቃው አንተ ነህ።»

«ይበቃል» አልኩ። መቀየሩ ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ እናቴ ደግሞ ቶርቴሊ፣ ያን በዱባ የተሞላ የሊጥ ምግብ ሠርታ እየጠበቀችኝ ነበር። አዎ፣ ሳቁ። እኔ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ያን ምግብ አልቀመስኩም።

ዜማው አጋማሽ ላይ «ጧ!» አለ። ቀና ስል ከገመዱ ሦስት ጉንጉኖች አንዱ ተበጥሶ ተንጠልጥሏል። ወዲያው ሁለተኛው። ሳንቃው አንድ ስንዝር ዝቅ አለ። ሲኞራ ከወደቁ የቀረው አንዱ ጉንጉን አይችላቸውም!

ቱሊዮ ሌላ ገመድ ይዞ መሰላል ላይ ወጣ። እኔ መሰላሉን አቅፌ ቆምኩ።

«ስንት ቀረህ?»

«ጸሎት ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያው እሱን በልና ተወኝ!»

ዜማው አለቀ። ዓይኔን ጨፈንኩ። አልወደቁም። ሕዝቡ «ይደገም! ይደገም!» እያለ ወለሉን በእግሩ ይደበድባል፤ በያንዳንዱ ምት ገመዱ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ሙዚቃው እንደ አዲስ ጀመረ። ዜማ ደግመው የማያውቁት ሴት ለማዕስትሮው ምልክት ሰጥተው ደገሙት። ቱሊዮ ቋጠሮውን የጨረሰው በዚያ ድጋሚ ነው። ሲወድቁ አዲሱ ገመድ ያዛቸው።

ስናወርዳቸው እጃቸው እንደ በረዶ ነበር።

«ሳንቃው ሲወርድ ተሰማኝ» አሉ። «ቱሊዮም ሲራገም ሰማሁ። ቱሊዮ ቅዱሳኑን በየስማቸው እየጠራ ከተራገመ ነገር አለ ማለት ነው።»

«ሲኞራ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ጠዋት አይቼው ነበር።»

«እንግዲህ አንተም እንደኔ ስትፈራ ኑር» አሉኝና ሄዱ። ለሚቀጥለው ትዕይንት ግን ቀድመው መጡ፤ ገመዱን በእጃቸው ዳበሱ፤ ወጥተው ዘፈኑ። ጋዜጣው ደግሞ «ንግሥቲቱ እንደ ሐውልት ሳትነቃነቅ ዘፈነች» ብሎ አድንቆ ነበር። ምን ታድርግ፣ ብትነቃነቅ ገመዱ ሊበጠስ!

ለሥራ አስኪያጁ ማናችንም አልተናገርንም። ቱሊዮ ባለፈው ክረምት እስኪሞት ድረስ አንድ ቀን አላነሳብኝም። ዝምታው ከስድብ ይከብደኝ ነበር። ስለዚህ ዛሬ በፊታችሁ እላለሁ፦ ልክ እሱ ነበር፤ የሰው ነፍስ በምሳ የለወጥኩት እኔ ነኝ።

ከነገ ጀምሮ ቤቴ ቁጭ ብዬ እፈራለሁ። ዶናቴላ፣ ቦታዬን የምትይዢው አንቺ ነሽ። ትናንት ቁልፉን ስሰጥሽ «ጋሼ አንሴልሞ፣ ፈራሁ» አልሽኝ። ስንት ጊዜ አጥቼው የነበረ እንቅልፍ ያን ሌሊት ወሰደኝ፤ የፈራ ሰው ገመዱን ይዳብሳላ።

እግዚአብሔር ፍርሃትሽን አይንሳሽ፣ ልጄ። ለእናንተም፣ ላይ ለምትዘፍኑት ድምፅ፣ ሥር ለምትጎትቱት ክንድ ይስጣችሁ። የወጣችሁትን ሁሉ በሰላም ያውርዳችሁ።