ሐጂ ሙቅቢል የሚስታቸውን ስም የጻፉ ዕለት

በአሜሪካ ዲርቦርን ከተማ ከመኪና ፋብሪካው ማዶ ባለው ሰፈር ሐጂ ሙቅቢል ኑዕማን ያልመከሩት የመናዊ ወንድ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። ቤት የሚከራየውም፣ ልጁን የሚድረውም፣ ከአለቃው ጋር የተኳረፈውም ከጁምዓ ሶላት በኋላ ናጂ ሻይ ቤት ብቅ ብሎ የእሳቸውን ቃል ሳይሰማ አይሄድም። ምክራቸውም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ብዙውን ጊዜ ሰው የሚያቀና ምክር ነበር። አንዲቷ ብቻ ጠማማ ነበረች፤ እሳቸው ደግሞ ከሁሉ አብልጠው የሚመኩት በዚያችው ነበር።

የግብር ወቅት በደረሰ ቁጥር ሚስቶቻቸውን አገር ቤት የተዉትን ወንዶች ሰብስበው፣ "ቅጹ አግብተሃል ወይ ብሎ ሲጠይቅህ አላገባሁም በለው። እዚህ ለሌለች ሴት ምን አስጨነቀህ? ደግሞስ የቤተሰብህን ስም ለማታውቀው ቢሮ አሳልፈህ ትሰጣለህ?" ይሏቸዋል። እንደ ሐጂ ሙቅቢል ያለ የድሮ የየመን ኢብ ሰው የሚስቱን ስም በወንዶች ፊት አይጠራም። "ቤተሰቤ" ይላል፤ "የልጄ እናት" ይላል፤ ሲጨንቀው ደግሞ "እነዚያ ቤት ያሉት" ይላል። እሳቸውም ካገቡ ጀምሮ ሚስታቸውን በስሟ ጠርተዋት አያውቁም። ልጃቸው ዋሊድ ከተወለደ ወዲህ የዋሊድ እናት ናት፤ ከዚያ በፊት "ስሚማ" ነበረች።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሐጂ በሰፈሩ ልብስ ማጠቢያ ቤት ማሽኑን ከፍተው ነጩን ጀለቢያቸውን ሲያወጡ ሮዝ ሆኖ አገኙት። ቀዩን ሽርጣቸውን አብረው ከትተውት ኖሯል። ወደ መብራቱ ከፍ አድርገው እያገላበጡ ሲያዝኑ ከኋላቸው ሳቅ ሰሙ።

"አጎቴ ሙቅቢል፣ ሙሽራ ሊሆኑ ነው እንዴ? ቀለሙስ ያምርብዎታል!"

ዞር ቢሉ ኢብቲሳም ናት፤ የሟቹ የሥራ ባልደረባቸው የሙስዒድ ልጅ። የሒሳብ ትምህርት ጨርሳ የሰዎችን የግብር ጉዳይ የምትሠራ፣ አንደበቷ የማይታጠፍ ልጅ ናት። የቤት ማሽን አልችልም ያለውን ብርድ ልብስ ታቅፋ መጥታለች።

"ሳቂ! አባትሽ ቢኖር በዚህ ሽበት ላይ አትስቂም ነበር።"

"አባቴ ቢኖርማ ከእኔ ብሶ ነበር የሚስቀው።"

ሐጂ ሳይወዱ ፈገግ አሉ። ሙስዒድ በእርግጥም ይስቅ ነበር።

"የዋሊድ እናት መቼ ነው የሚመጡት ታዲያ?" አለች ኢብቲሳም ብርድ ልብሷን ማሽን ውስጥ እየጠቀጠቀች። "እሳቸው ቢኖሩ ጀለቢያዎ ለዚህ ባልበቃ።"

ፈገግታቸው ጠፋ። "እናቴ በሕይወት ሳሉ እሳቸውን ትቼ አልመጣም አለች። አስታመመቻቸው፤ ቀበረቻቸው። ዋሊድ ጅዳ ነው። አሁን በዚያ ሁሉ ክፍል ውስጥ ብቻዋን ነው የምታድረው። ባለፈው ስደውል፣ የሰው ድምፅ እንድሰማ ብዬ ራዲዮ ከፍቼ ነው የምተኛው አለችኝ።" ጀለቢያውን አጣጥፈው መልሰው ዘረጉት። "ጠበቃ ይዤ ላመጣት ማመልከቻ አስገብቼ ነበር። የግብር ወረቀቶችህን አሳየኝ አለኝ፤ አሳየሁት። መነጽሩን አወለቀና፣ ሐጂ፣ እዚህ ላይ ሚስት የለዎትም፤ የማንን ሚስት ነው የምናመጣው? አይለኝም! ጥዬው ወጣሁ። ሚስት የለህም ለሚለኝ ሰው ተቀምጬ ላውጋው?"

ኢብቲሳም የማሽኑን በር ሳትዘጋ ቀና አለች። "ምን ብለው ነበር የሞሉት?"

"እንደ ወትሮው ነዋ። ያላገባ።"

"ያላገቡ ነዎት እንዴ?"

"ነገር አታጣሚ። እዚህ ማለቴ ነው።"

"ጋብቻ አውሮፕላን ላይ ይፈርሳል? ኢብ ሲደርሱ ባል፣ ዲርቦርን ሲደርሱ ወንደላጤ?"

ይህን ሌላ ሰው ቢናገራቸው ኖሮ ሐጂ ልብሳቸውን እርጥቡን ሰብስበው ይወጡ ነበር። የሙስዒድ ልጅ ግን ጥርስ ሳታበቅል ያቀፏት ልጅ ናት። ወንበር ስበው ተቀመጡ።

"ሙግት አማረሽ፤ እንሟገት። እኔ ማንንም አላጭበረበርኩም። የሠራሁትን አንድም ሳልደብቅ አሳውቄ ግብሬን ከፍያለሁ። የቤቴን ሴት ስም ግን የማላውቀው ጸሐፊ በአፉ እንዲያላምጠው አልሰጥም። እኛ እንዲህ አላደግንም።"

"ክብራቸውን መጠበቅዎ ነው?"

"ሌላ ምን ሊሆን ነው?"

"እንግዲያው ይስሙኝ። ለኢሚግሬሽን ባመለከቱበት ወረቀት ሚስቴ ናት ብለው ፈርመዋል። በግብሩ ወረቀት ደግሞ፣ ያውም የጻፍኩት እውነት ነው ብለው ቃል ገብተው፣ ሚስት የለኝም ብለው ፈርመዋል። አንድ ሹም ሁለቱን ጎን ለጎን ቢያስቀምጣቸው ማንን ውሸታም ይላል? እርስዎ እዚህ ሻይ ይጠጣሉ፤ ካይሮ ያለው የአሜሪካ ኤምባሲ ሄደው መስኮት ላይ የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው። ሚስቱ ነኝ ሲሉ፣ ባልሽ ሚስት የለኝም ብሏል ይሏቸዋል። ይሄ ነው ክብሩ?"

ሐጂ ሰው መልስ ሲያጣ እንደሚያደርገው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

"አንቺ ልጅ፣ ወግ የሚባል ነገር አለ! አባቶቻችን የሴት ስም አደባባይ አላወጡም!"

"አላወጡም?" አለች ኢብቲሳም በትሕትና፤ ትሕትናዋ ግን ወጥመድ ነበረበት። "ኒካሕ ያሰሩ ዕለት የዋሊድ እናት አባት እጅዎን ጨብጠው፣ እጃችሁ በነጭ ጨርቅ አልተሸፈነም?"

"ተሸፍኗል።"

"ከዚያስ ምን አሉ?"

"ልጄን ድሬልሃለሁ አሉ።"

"ስንት ሴት ልጆች ነበሯቸው?"

"አራት።"

"የትኛዋን እንደዳሩልዎ ታዲያ ሰው በምን አወቀ?"

ሐጂን ኒካሕ የታሰረበት ያ ሰገነት ላይ ያለ ክፍል ትዝ አላቸው። የአማታቸው የቃኢድ ሸካራ እጅ፣ ከጨርቁ ሥር የራሳቸው ጣቶች ማላብ፣ በግድግዳው ዙሪያ የተደረደሩት ሽማግሌዎች። ሽማግሌው ቃኢድ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ከታች ግቢ ድረስ በሚሰማ ድምፅ፣ "ልጄን ሚስክን" ነበር ያሉት። ማንም አላፈረም። እሳቸውም ተቀብያለሁ አሉ፤ ባል የሆኑት በዚያ ስም ነው። እንግዲህ አስተዋይ አንባቢ ይፍረድ፤ ጋብቻ በስም ጸንቶ ሲያበቃ ስሙን መደበቅ ከየት የመጣ ጨዋነት ነው?

"በወንዶች ፊት ተጠርቷል" አሉ በመጨረሻ ዝቅ ባለ ድምፅ።

"ነውር ነበር?"

"አልነበረም። ምስክርነት ነበር።"

"ይሄም ምስክርነት ነው፣ አጎቴ። ቅጹ ሌላ ምንም አይፈልግም። አግብቻለሁ ይላሉ፣ ስማቸውን ይጽፋሉ። የዚህ አገር የግብር ቁጥር ስለሌላቸው በቁጥሩ ቦታ ነዋሪነታቸው ውጭ አገር መሆኑ ይጠቆማል። አለቀ።"

ሐጂ ግን ልባቸው ሲሸነፍ አፋቸው የሚዘገይ ዓይነት ሰው ናቸው። "ያለፈውስ? ሄጄ አጥፍቻለሁ ብዬ በገዛ እግሬ ልታሰር?"

"ማን ያስርዎታል? ሳይጠየቅ ስህተቱን የሚያርም ሰው የሚስተናገድበት መንገድ አለ፤ የማረሚያ ቅጽ አለው። ጠበቃው ያያቸውን ዓመታት እናርማለን። በእርስዎ ደሞዝ ግብሩ እምብዛም የሚለወጥ አይመስለኝም። ፋብሪካው ሥራ ያስፈታዎ ዓመት ግን ያላገባ በመባልዎ የማይገባዎ ድጎማ ወስደው እንደሆነ ይመልሳሉ።"

"የማይገባኝ ከሆነማ አሁኑኑ ልመልስ!" አሉ ሐጂ ደንገጥ ብለው። ሐራም ገንዘብ ኪሳቸው ገብቶ ይሆናል የሚለው ሐሳብ ከቢሮ ሁሉ በላይ አስፈራቸው። ከዚያ ሰው ከተሸነፈ በኋላ እንደሚሆነው ያለ ልክ ለጋስ ሆኑ። "እንግዲያው አንድ ላይ ጻፊን! ባልና ሚስት አንድ ወረቀት ላይ!"

"እሱም ይቻላል" አለች ኢብቲሳም ሳቋን ውጣ፤ "ግን ይታገሱ። በአንድ ወረቀት ከሆነ እሳቸውም ለግብሩ እንደዚህ አገር ነዋሪ ይቆጠራሉ፤ ቁጥር ማውጣት አለባቸው፤ ኢብ የሚያገኙት ገቢም ሁሉ እዚህ ይነገራል። ከአባታቸው የወረሱት መሬት የለም?"

"የቡና እርከን አላት። ኪራዩን ራሷ ነው የምትቀበለው።"

"እርስዎስ ምን ያህል እንደሚያስገባ ያውቃሉ?"

ሐጂ ተቆጡ። "የሚስቴን ገንዘብ እኔ ምን አገባኝ? የሷ የሷ ነው! ሃይማኖታችን እንዲህ አይልም?"

"ይላል እንጂ። እኔም ይህንኑ ነው የምልዎ። ባለትዳር ነኝ ይበሉ፣ ገቢዎን ግን ለብቻዎ ያሳውቁ። ትዳሩ አንድ፣ ሒሳቡ ለየብቻ። የእሳቸውን እርከን እርስዎ አይነኩትም፤ እሳቸው በእርስዎ ወረቀት አይጠየቁም። ይሄን ያስተማሩኝ እንደ እርስዎ ያሉ ሽማግሌዎች ናቸው።"

ሐጂ ሙቅቢል ጢማቸውን ዳበሱ። አዲስ ነገር መስሎ ያስጨነቃቸው የቆየ የራሳቸው ሕግ ሆኖ ተገኘ። ደስ አላቸው፤ ደስታቸውን ለመደበቅም አልሞከሩም።

"አንድ ነገር ቀርቷል" አሉ። "ስሙ የሷ ነው። ትፈቅድ እንደሆነ ልጠይቃት።"

እዚያው ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ። ኢብ መሽቷል፤ የራዲዮው ድምፅ ከወዲያ ይሰማል።

"የዋሊድ እናት፣ አንድ ወረቀት ላይ… ስምሽን ልጽፈው ነበር። ቅር ይልሻል?"

ራዲዮው ጠፋ። "ስሜን? የምን ወረቀት?"

"የግብር። እስካሁን አላገባሁም እያልኩ ነበር የምሞላው።"

"እናትህን አጥቤ የቀበርኩ እኔ እያለሁ፣ አላገባሁም ትላለህ?"

ሐጂ ግንባራቸውን በእርጥቡ ጀለቢያ ጠረጉ። "ስምሽን ከሰው አፍ ልጠብቅ ብዬ ነው።"

"አባቴ ስም ያወጣልኝ ሊጠራ መስሎኝ ነበር፣ የዋሊድ አባት። ጻፈው። ደግሞ አሳምረህ ጻፈው።"

በሳምንቱ ኢብቲሳም ቢሮ ተቀምጠው፣ እሷ በማሽን ልሙላው ብትልም እምቢ ብለው፣ በገዛ እጃቸው ጻፉ፦ ሚስክ ቃኢድ። የላቲን ፊደል እንደ ልብ አይታዘዛቸውምና ብዙ ቆዩበት። ጽፈው ሲጨርሱ ወረቀቱን ራቅ አድርገው ያዩትና፣ "ለካ አጭር ስም ናት" አሉ።

በቀጣዩ ጁምዓ ናጂ ሻይ ቤት ውስጥ ቆመው፣ ሁሉም ብርጭቆውን እንዲያስቀምጥ አዘዙ።

"ሚስት ያለው ሁሉ ይስማኝ። አላገባሁም ብሎ የሞላ ሄዶ ያርም!"

ናጂ የሻይ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘ አፈጠጠ። "ሐጂ፣ አላገባሁም በሉ ያልከን አንተ አይደለህም እንዴ?"

"እኔ ነኝ። ተሳስቼ ነበር።"

ሻይ ቤቱ ይህን ቃል ከሐጂ አፍ ሰምቶ አያውቅም። እሳቸው ግን ልማዳቸው ነውና ወደ ምክራቸው ገቡ። ሚስቱን የጻፈ ሰው ሚስቱን ሊያመጣ ሲነሳ ቃሉ ከቃሉ አይጋጭበትም አሉ። ገቢውን ለብቻው ያሳወቀ በሚስቱ ርስት ውስጥ እጁን አያስገባም፤ እሷም ጥያቄ ቢመጣ ቀና ብላ ትመልሳለች። የማይገባውን ያልወሰደ ደግሞ እንቅልፉን ይተኛል። "እኔ የመለስኩትን መልሻለሁ፤ እንደ ሕፃን ነው የምተኛው" አሉ። ከዚያ በኋላ የኢብቲሳም ቢሮ ደጃፍ ጢማም ወንዶች ተራ ሲጠብቁ የሚያንቀላፉበት ቦታ ሆነ፤ ብዙዎቹም የሚስታቸውን ስም ሲናገሩ በሐፍረት ፊታቸው እንደ ኮረዳ ይቀላ ነበር።

ነገሩ በአንድ ጀንበር አላለቀም። ሐጂ ጥለውት ወደ ወጡት ጠበቃ ተመለሱ፤ እሱም የታረመውን የግብር ወረቀት አያይዞ ላከ፤ ጥበቃው ረዘመ፤ በመጨረሻ ግን ካይሮ ላይ ሹሙ ወረቀቶቹን ቢያስተያይ ሁሉም አንድ ቃል ሆኖ አገኘው። ቪዛው ተመታ።

የመጣች ዕለት ናጂና ግማሹ ሻይ ቤት ሐጂን አጅበው አየር ማረፊያ ወጡ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ጥቁር የለበሱ እናቶች ሻንጣ እየገፉ ይወጣሉ፤ ሐጂ በእግራቸው ጣት ቆመው ይፈልጋሉ። በመጨረሻ አካሄዷን ከሩቅ ለዩት፤ እሷ ግን ወደ ሌላኛው መውጫ ታጥፋ መሄድ ጀምራለች።

"የዋሊድ እናት!" ብለው ተጣሩ። ሌሎች ሁለት ሴቶች ዞሩ። እሷ አልሰማችም፤ እየራቀች ነው።

ሐጂ ሙቅቢል ኑዕማን በዚያ ሁሉ ወንድ ፊት ደረታቸውን ሞሉ። "ሚስክ! ሚስክ ቃኢድ!"

ቆመች። ሻንጣዋን ለቀቀች፤ ዞራም አየቻቸው። ቀስ ብላ መጥታ ፊት ለፊታቸው ቆመችና ዓይኗ ውስጥ እንባ እያለ ለብሰውት የመጡትን ሮዙን ጀለቢያ ከላይ እስከ ታች ተመለከተችው።

"ምን አልክ?" አለች። "አልሰማሁም።"

ሰምታ ነበር። መስማቷን ሐጂም ያውቃሉ፤ ናጂም፣ አጃቢዎቹም ሁሉ ያውቃሉ። ሐጂ ግን ከፊተኛው ይበልጥ ከፍ አድርገው ደገሙላት።