የእንግዳው በሬና የሴቶቹ ሩጫ

ቅዳሜ ጠዋት ወረታ መገንጠያው ላይ የደብረ ታቦር መኪና ስጠብቅ፣ አቶ ቢሻው ገመድ በትከሻቸው ጣል አድርገው ወደ ከብት ገበያ ሲገሰግሱ አገኘኋቸው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። ከኋላቸው የስፖርት መምህርቷ ሰገን እያለከለከች ትከተላለች። ሯጭ የምታሠለጥን ሴት አንድ ሽማግሌ መያዝ ሲያቅታት ሳይ ሳቄ መጣ።

«ጋሽ ቢሻው፣ እባክዎ በሬውን ሳይገዙ ያድምጡኝ» አለች።

«ትናንት ጨርሰነው የለም እንዴ የኔ ልጅ? በጀቱ ጠበበ፤ ዘንድሮ ወንዶቹ ብቻ ይሮጣሉ።»

ነገሩን ላስረዳ። የጎረቤት ትምህርት ቤት ልጆች ለውድድር ሲመጡ የእኛዎቹ በሬ ይጥላሉ፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ እነዚያ በተራቸው ይጥላሉ። ለጫማና ለማሊያ የሚውለው ከድግሱ የተረፈው ገንዘብ ነው። ካልተረፈ የሚቀሩት ሁልጊዜ ሴቶቹ ናቸው።

«ወጪ ይቀነስ ማለትዎ ልክ ነው» አለች ሰገን፤ «መቀነስ ያለበት ግን በሬው ነው።»

«ፎገራን በሚያህል የከብት አገር እንግዳ ጠርተን ጥሬ አስቆርጥመን ልንሸኝ? ምን ይሉናል!»

«አምና እነሱ ዘንድ ስንሄድ የሆነውን ረሱት? ልጆቻችን ጉርሻ እንቢ ማለት ነውር ነው ብለው ከሩጫው በፊት ጠግበው በሉና፣ መንገድ ላይ ሆዳቸውን ይዘው ቁጭ አሉ።»

አቶ ቢሻው ሳቃቸውን ሊውጡ ታገሉ፤ አልቻሉም። ሰገን ግን አልሳቀችም።

«ዙፋንን ትናንት ማታ ሜዳው ላይ ብቻዋን ስትሮጥ አገኘኋት። ‹ለአባቴ እንዳትነግሪው› አለችኝ።»

ሽማግሌው ቆሙ። ዙፋን የመጨረሻ ልጃቸው ናት።

«ለልጁ አደላ እንዳልባል ብዬ ነው ዝም ያልሁት» አሉ ቀስ ብለው። «እኔስ የማላዝን ይመስልሻል?»

እኔም ዝም ማለት አልሆነልኝም። «እንግዳ ማክበር ደግ ነው፤ በልጆች ድርሻ ማክበር ግን ደግ አይመስለኝም» አልኋቸው።

«ሁሉም ከየቤቱ አገልግል ይያዝ፤ እንግዶቹም ይያዙ» አለች ሰገን። «ከሩጫው በኋላ አብረን እንብላ።»

«ቢቀየሙስ?»

«ይደውሉና ይጠይቋቸዋ!»

ደወሉ። የእንግዶቹ ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ዋሴ ድምፃቸው ጎላ ያለ ስለሆነ ሁላችንም ሰማን።

«እግዜር ይስጥህ ወንድሜ! እኛኮ ለከርሞ የምንጥለው በሬ አስጨንቆን ከወዲሁ ሴቶቹን አስቀርተናቸዋል። በል፣ አሁን ይዘናቸው እንመጣለን!»

አቶ ቢሻው ስልኩን ዘጉ። «የእኛ በሬ የሰውንም ልጆች ሲያስቀር ኖሯል» አሉ።

አንባቢ ልብ ይበል። የማንም ክብር አልተነካም፤ እንግዳም ጦሙን አይሄድም። በአንድ ድግስ መቅረት የሁለት ትምህርት ቤት ሴቶች ይሮጣሉ፤ ወንዶቹም ቢሆኑ ሆዳቸው ቀሎ ይሮጣሉ። እኔ በዚህ እጅግ ደስ ብሎኛል።

አቶ ቢሻው ገመዱን ጠቅልለው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱና ፊታቸውን ወደ ጫማ ተራ አዞሩ።

«በይ መምህርት፣ የሴቶቹን የእግር ቁጥር ንገሪኝ» አሉ። «ከሌሎቹ ጀምሪ፤ የዙፋንን መጨረሻ።»