ያልተሞላ ጉድጓድ አይተው የማያልፉት የአቶ ኤጀታ ዳበሳ ዜና ሕይወት

የተከበራችሁ ቤተ ዘመዶች፣ የእድራችን አባላት፣ እንዲሁም ከሸርቆሌ ድረስ በሚኒባስ ተጣብባችሁ የመጣችሁ እናቶች፤ አካፋ የያዛችሁ ሁሉ ንባቡ እስኪያበቃ ድረስ አካፋችሁን መሬት እንድታስቀምጡ በትሕትና እየጠየቅሁ፣ እኔ ጎረቤታቸውና የእድሩ ሰብሳቢ ምንያህል የአቶ ኤጀታ ዳበሳን ዜና ሕይወት እነሆ አነባለሁ።

አቶ ኤጀታ ከአባታቸው ከአቶ ዳበሳ ሌንጂሳና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሰንበቴ በ1941 ዓ.ም. በወለጋ፣ በቤጊ አካባቢ ተወለዱ። ገና ልጅ ሳሉ የአባታቸው የእርሻ በሬ ወርቅ ፈላጊዎች ቆፍረው ጥለውት በሄዱት ጉድጓድ ገብቶ ስለሞተና አባታቸውም በዚያ ክረምት የሰው በሬ እየለመኑ ስላረሱ፣ ሌላ ልጅ ቢሆን ኖሮ አልቅሶ በረሳው ነበር፤ እርሳቸው ግን ጉድጓድ አይተው ዝም ብለው ማለፍ የማይችሉ ሰው ሆነው አደጉ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምረው፣ በኋላም በመምህርነት ሠልጥነው፣ አሶሳ ተመድበው ለረጅም ዓመታት ጂኦግራፊ አስተማሩ። ተማሪዎቻቸው የዓለምን ወንዞች ሁሉ ረስተው ይሆናል፤ ከክፍል ሲወጡ ወንበር ወደ ቦታው መመለስን ግን ዛሬም አይረሱም። በዚሁ ከተማ ከወይዘሮ ቃናኒ ጋር በቃል ኪዳን ተጋብተው ወንድ ልጃቸውን ቦዔዝንና ሴት ልጃቸውን ኢልሊን አፍርተዋል።

አዲሱ ክልል ተቋቁሞ፣ ቢሮው ወንበር ሳይገባለት ወንበሩም ሠራተኛ ሳይመደብለት በሚከፈትበት በዚያ ወቅት፣ ጂኦግራፊ ያስተማረ ሰው መሬት ያውቃል በሚል የማያጠያይቅ ምክንያት፣ አቶ ኤጀታ በመንግሥት መሬት ላይ የሚካሄደውን አነስተኛ የማዕድን ፍለጋ እንዲቆጣጠሩ ተሾሙ። የሥራው መመሪያ ከአዲስ አበባ መንገድ ላይ ነው ተብሎ ስለተነገራቸውና መንገዱም በክረምት ስለሚዘጋ፣ እስኪደርስ ድረስ በሚል የራሳቸውን አወጡ። በዚህም መሠረት ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው የሚፈልገውን መሬት ከነዋሪዎቹ ጋር በገዛ እግሩ ይዞራል፤ ችካሉን በገዛ እጁ ይተክላል፤ ነዋሪ ከሚሠራበት ቦታ ላይ ተቃውሞ ከተሰማ ችካሉ ይነቀላል፤ የሙከራ ጉድጓዱንም ራሱ ሳይደፍን ፈቃድ አያገኝም። ሕዝቡ ከዚህ ተነሥቶ አቶ ድፈነው የሚል ስም ቢያወጣላቸው፣ እርሳቸው እንደ ተጨማሪ ሹመት ቆጥረው ተቀበሉት።

ሕግን በራሳቸው ላይ ለመፈጸም ያላሳዩት ትጋት አልነበረም። በሚኖሩበት የመንግሥት ቤት ጓሮ የመጸዳጃ ጉድጓድ ሲያስቆፍሩ አፈሩ ውስጥ ብልጭ የሚል ነገር ስላዩ፣ ቁፋሮውን ወዲያው አስቁመው፣ ችካል ተክለው፣ ተቃውሞ ያለው ነዋሪ ይቅረብ አሉ። ወይዘሮ ቃናኒም ከኩሽና ብቅ ብለው፣ «አንተ ሰውዬ፣ እኔ የምቃወመው አንተን ነው!» ስላሉ፣ ተቃውሞ ተሰምቷል ተብሎ ጉድጓዱ በአቶ ኤጀታ በራሳቸው እጅ ተደፈነ። ብልጭ ያለው ነገር ሚካ የሚባል፣ ከማብለጭለጭ በቀር ዋጋ የሌለው ድንጋይ ሆኖ ተገኘ። ቤተሰቡ ለረጅም ጊዜ በማን መጸዳጃ ቤት ሲገለገል እንደኖረ በዚህ ሐዘን ላይ ማንሣት ስለማይገባኝ አላነሣውም።

በሥራ ዘመናቸው ትልቁ ነገር የተፈጸመው ግን ሸርቆሌ አካባቢ ባለው ወንዝ ዳር ነው። ዛሬ እዚህ የተገኙት ወይዘሮ ኸድራና ጓደኞቻቸው በበጋ ወርቅ እያጠቡ ልጆቻቸውን ያሳደጉበትን ያንን ዳርቻ፣ እነሆ ከፊት የቆሙት ነጋዴው አቶ ጫኔ ለፍለጋ ይከለልልኝ ብለው ጠየቁ። ችካሉ ከጸና ሴቶቹ ወደ ወንዙ መውረጃ እንኳ አይኖራቸውም ነበር። አለቆቻቸው ልማት አይጓተት፣ ቢሮ ቁጭ ብለህ ፈርም ቢሏቸውም፣ አቶ ኤጀታ መጀመሪያ ልዙረው ብለው ሄዱ። አቶ ጫኔ ግን ችካላቸውን ቀድመው ተክለው፣ የሙከራ ጉድጓድም ቆፍረው፣ ሣር በቅሎ አፉን ሸፍኖት ነበርና፣ የክልሉ የጉድጓድ ተቆጣጣሪ ዙሪያውን እየመረመሩ ሲሄዱ ወርደው ከጉድጓዱ ግርጌ ተቀመጡ። እግራቸውም ተሰበረ።

አቶ ጫኔ ደንግጠው ገመድ አምጡ ሲሉ፣ የውኃ መቅጃው ገመድ በእጃቸው የነበረው ወይዘሮ ኸድራ፣ «መጀመሪያ ችካል ይወጣል፤ በኋላ ሰውዬው ይወጣል» አሉ። አቶ ጫኔ ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ ብለው፣ «ጋሼ ኤጀታ፣ በእናትዎ ይውጡልኝና ልድፈነው! ሰው ያለበት ጉድጓድ እንዴት ይደፈናል?» ብለው ቢማጸኑ፣ ከታች የመጣው መልስ፣ «ተቃውሞ ሰምቻለሁ፤ ችካሉን ንቀል። እኔ አልቸኩልም፤ እዚህ ታች ቀዝቀዝ ይላል» የሚል ነበር። የሸርቆሌን ፀሐይ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሴቶቹ ገንፎ በቅል እያወረዱላቸው፣ ቅሉም ባዶውን እየተመለሰ ብዙ ቆዩ። ይህ ወሬ አሶሳ በደረሰ ጊዜ አንድ ኃላፊ፣ «ልማታችንን ይዞ ጉድጓድ ገባ» ብለው ጭንቅላታቸውን እንደያዙ ይነገራል።

በመጨረሻም አቶ ጫኔ ሙሉ ልብሳቸውን እንደለበሱ ችካሎቹን አንድ በአንድ ነቀሉ፤ ገመዱ ወረደ፤ አቶ ኤጀታ ወጡ። በቃሬዛ ወደ ክሊኒክ ውሰዱኝ ከማለታቸው በፊትም ጉድጓዱ ተደፍኖ ሲረገጥ ተኝተው ተመለከቱ። ከዚያ ወዲህ በምርኩዝ ቢሄዱም፣ ምርኩዙ መሬት ለመውጋት ስለሚመች ከቀድሞው የባሰ ተቆጣጣሪ ሆኑ።

ባለፈው ዓመት የኩላሊት ሕመም ጸንቶባቸው ሥራ ሲለቁ፣ አቶ ጫኔ ያንኑ ዳርቻ ዳግመኛ ጠየቁ። በቦታቸው የተተኩት ወይዘሪት ቤዚ ከሌላ ክልል የመጡ ወጣት ስለሆኑ፣ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ይፈርሙታል የሚል ፍርሃት ነበረ። አቶ ኤጀታ በአልጋ ላይ ሳሉ ጠያቂ በገባ ቁጥር ስለ ራሳቸው ሕመም የሚጠይቁትን ትተው፣ «ልጅቷ ዞረችው ወይ?» ይሉ ነበር። ከትናንት በስቲያ ወይዘሮ ኸድራ መጥተው፣ ወንድና ሴት በማይለየው አማርኛቸው፣ «ልጅቷ ዞረ፤ በእግሩ ዞረ፤ ችካል ለእኛ ተመታ» ብለው ነገሯቸው። ወይዘሪት ቤዚ ዳርቻውን ከሴቶቹ ጋር ዞረው ለሴቶቹ ከልለው፣ ለአቶ ጫኔም ማንም የማይሠራበትን የላይኛውን ኮረብታ ሰጥተው ነበር። አቶ ኤጀታ «እፎይ» ብለው፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ ሾርባ ጠይቀው ጠጡ፤ በማግሥቱም በተወለዱ በሃምሳ አራት ዓመታቸው በሰላም ዐረፉ። እኛም አለቀስን፤ ግን እውነቱን ለመናገር እፎይታቸው ወደ እኛም ተጋብቶብናል።

አቶ ኤጀታ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ቃናኒን፣ ልጆቻቸውን ቦዔዝንና ኢልሊን፣ በወንዙ ዳር የሚሠሩ ብዙ እህቶችን፣ በዚህ ክልልም ተደፍነው የት እንደነበሩ የማይታወቁ እጅግ ብዙ ጉድጓዶችን ትተው ሄደዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን እንቅፋት በሌለበት ደልዳላ ስፍራ ያሳርፍልን፤ ለቤተሰቡም መጽናናትን ይስጥልን።

አቶ ጫኔ የራሳቸውን አካፋ ይዘው እንደመጡ አይቻለሁ። ያን ጊዜ ሰው ያለበት ጉድጓድ እንዴት ይደፈናል ብለው ነበር። ዛሬ ተፈቅዷል። ተቃውሞ ያለው ነዋሪ ከሌለ፣ አቶ ጫኔ፣ እርስዎ ይጀምሩ፤ ተሞልቶ ሳይረገጥም ማንም እንዳይሄድ።