የተደፋው ውሃ፦ የእማማ ኤቫንትያ ዜና ሕይወት

ከካሪዲያ ተራራ የወረዳችሁ፣ ከኮክ ፍሬ ማሸጊያ ፋብሪካው የመጣችሁ፣ ከሩቅ ተሳፍራችሁ የደረሳችሁ ሁሉ፣ እማማ ኤቫንትያ አፈር ከመልበሳቸው በፊት የኖሩትን ኑሮ በአጭሩ እናነብላችኋለንና ጥቂት ታገሡን።

እማማ ኤቫንትያ ከአባታቸው ከአቶ ስቴርዮስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዞዪ እ.ኤ.አ. በ1932 በሰሜን ግሪክ በካሪዲያ መንደር ተወለዱ። አባታቸው በበቅሎ እንጨት ወደ ከተማ እያወረዱ የሚሸጡ ሰው ሲሆኑ፣ እናታቸው ከእርሳቸው በኋላ የወለዷቸው ሕፃናት ስላላደጉላቸው፣ እማማ ኤቫንትያ ብቸኛ ልጅ ሆነው በአያታቸው በእሜቴ ሱልታና እቅፍ አደጉ።

ለትምህርት ሲደርሱ በመንደሩ ትምህርት ቤት ስላልነበረ ከተማ ከሚኖሩት አክስታቸው ዘንድ ተቀምጠው መማር ጀመሩ። የአክስታቸው ቤት ወንዙ ዳር ካለው የአይሁድ ሰፈር ጋር ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዘ ነበር፤ በክፍልም አብራቸው የምትቀመጠው ከዚያ ሰፈር የምትመጣው ጆያ ነበረች። ጆያ በቤታችን ሁልጊዜ የአሥር ዓመት ልጅ ሆና ስለኖረች ስሟን ያለ አንቱታ ስናነብ አትቀየሙን። ጆያ ውሻ ትፈራ ነበር፤ እማማ ኤቫንትያ ደግሞ ማባዛት አይሆንላቸውም ነበር። ስለዚህ “አንቺ ውሻውን፣ እኔ ሂሳቡን” ተባብለው ተስማሙ፤ በየጠዋቱ የሥጋ ሻጩን ውሻ ድንጋይ ይዘው የሚያሳልፏት እርሳቸው ነበሩ።

በ1943 የፀደይ ወራት ጀርመኖች ሰፈሩን ዘግተው አይሁዶቹን በባቡር ሊወስዱ መሆኑ ሲሰማ፣ የጆያ አባት ያኮ ልጁን በአህያው ላይ ከክርና ከጨርቅ ጥቅል ሥር ሸሽጎ ካሪዲያ አደረሳት። ያኮ በየመንደሩ መርፌና ቁልፍ የሚያዞር ነጋዴ ስለነበረ፣ ዝናብ ሲይዘው የሚያድረው አቶ ስቴርዮስ ቤት ነበር። እንጀራ የቆረሰበት ቤት ነውና ብዙ ቃል አላስፈለገውም፤ ለሚስቱና ለሕፃን ልጁ ሲል ተመልሶ ወረደ፤ ከዚያ ወዲያ ያየው የለም።

አይሁዳዊ የደበቀ ሰው እንደሚረሸን፣ ቤቱም እንደሚቃጠል በየአደባባዩ ተለጥፎ ነበርና፣ ጆያ ወላጆቿን የአቴና ረሃብ የጨረሰባት ዘመድ ተብላ ኤሌኒ የሚል ስም ተሰጣት። እንደ ክርስቲያን ልጅ መሆንን የማስተማሩ ሥራ የእማማ ኤቫንትያ ነበር።

“እኛ የምናማትበው ከቀኝ ወደ ግራ ነው እኮ። አንቺ ስታማትቢ ዝንብ የምታባርሪ ነው የሚመስለው” ይሏት ነበር።

“ሰባት ጊዜ ስምንት ስንት ነው?” ትላቸዋለች ጆያ። እርሳቸው በጣታቸው መቁጠር ይጀምራሉ። “እንግዲያው አትሳቂብኝ።”

እሜቴ ሱልታና ሁለቱንም አጠገባቸው እያስተኙ፣ የማታውን ጸሎት ሲጨርሱ ወደ ጆያ ጠጋ ብለው “ያንቺን ደግሞ በሆድሽ በይ” ይሏት ነበር። ጆያ ስለ እናቷ አንድም ቀን አላለቀሰችም፤ የእሜቴን የቀሚስ ጫፍ ይዛ ግን ትተኛ ነበር።

በዚያው ዓመት በነሐሴ፣ በእመቤታችን ጾም ውስጥ፣ እሜቴ ሱልታና ጠዋት ሳይነሱ ቀሩ። የቤቱ ሰው ሁሉ አልጋው ዙሪያ ሆኖ ሲያለቅስ ጆያ ብቻዋን ወደ ጓዳ ገባች። የጆያ ወገኖች ሰው በሞተበት ቤት የተቀዳ ውሃ አያቆዩም፤ ለሐዘኑ ምልክት ከደጅ ያፈሱታል። እናቷ እንደዚያ ስታደርግ አይታ ነበርና፣ ለምትወዳቸው ሴት የምታውቀውን አደረገች፤ ሦስቱንም ማድጋ እየጎተተች ደጃፉ ላይ ደፋቻቸው። ስሟ ኤሌኒ መሆኑን ያን ጊዜ ረስታው ነበር።

አስከሬን ሊያጥቡ የመጡት ሴቶች ማድጋዎቹን ባዶ አገኟቸው። ምንጩ ከመንደሩ ሥር ሩቅ ነው፤ በነሐሴም ውሃው የሚንጠባጠብ ያህል ነው። ከሴቶቹ መካከል እትዬ ፎቲኒ ከተማ በአይሁድ ሰፈር ልብስ ሲያጥቡ የኖሩ ስለነበሩ፣ እርጥቡን ደጃፍ አዩ፣ ከዚያም ጆያን አዩ።

“ይሄን ውሃ ማነው የደፋው?” አሉ። “እኔ እንዲህ ያለ ነገር ያየሁት ሳጥብበት በነበረው ሰፈር ነው።”

ለጀርመኖች ጠመንጃ የተሸከመ አንድ የመንደሩ ሰው ለልቅሶ መጥቶ በር ላይ ቆሞ ነበር። ቀና አለ። ጆያ አፏን ልትከፍት ስትል እማማ ኤቫንትያ ቀደሟት።

“እኔ ነኝ። አይጥ ወድቆበት ነው።”

“በሦስቱም?” አለ ባለጠመንጃው።

“በየትኛው እንደሆነ ጠፋኝና ሁሉንም ደፋሁት።”

አቶ ስቴርዮስ በልጃቸው ላይ እጃቸውን አንስተው የማያውቁ ሰው ነበሩ። ልጃቸውን አዩ፣ ባለጠመንጃውን አዩ፣ ነገሩም ገባቸው፤ ውሸቷ እውነት እንዲመስል ባላቸው ጉልበት ሁሉ ግራ ጆሮዋ ላይ በጥፊ መቷት። “አያትሽ ሳትታጠብ ትቀበር?” አሉ። እማማ ኤቫንትያ ግድግዳው ሥር ወደቁ። ባለጠመንጃው ሳቅ አለና “ተዋት ስቴርዮ፣ ልጅ አይደለች እንዴ” ብሎ ሲጋራውን ለማቀጣጠል ወጣ። ያ ግራ ጆሮ ከዚያ ቀን በኋላ ሰምቶ አያውቅም።

እማማ ኤቫንትያ ማድጋቸውን አዝለው ወደ ምንጩ ሲወርዱ እትዬ ፎቲኒ ተከተሏቸው፤ ጆያም ከኋላ ነበረች። መንገዱ ላይ ሌላ ሰው አለመኖሩን ካዩ በኋላ እትዬ ፎቲኒ “ሁለተኛ ሰው ቢጠይቅሽ አንዱን ማድጋ ድመት ገለበጠችው፣ የሌሎቹ አልቆ ነበር በይ” አሏቸው። “ያንን አይጥሽን ማንም አያምንሽም፤ አባትሽ ነው ያሳመነልሽ። እኔም አፌ ቀደመኝ።” ወደ ጆያም ዞረው ነጠላ ጫማዋን አሰሩላት። ከዚያ በኋላ እስኪሞቱ ድረስ ስለዚህ ነገር አልተነፈሱም።

አቶ ስቴርዮስ ያን ዕለት ከበቅሎው ኋላ ቆመው ሲያለቅሱ ታይተዋል። በ1947 በእርስ በርሱ ጦርነት እስኪገደሉ ድረስም ከልጃቸው ጋር ሲሄዱ በቀኟ በኩል ብቻ ይሄዱ ነበር።

ጀርመኖቹ ሲወጡ ሁለቱ ልጆች ወደ ከተማ ወረዱ። የያኮን ቤት በር የከፈተችው ሴት አላውቃችሁም ብላ ዘጋችው። ጆያ ባቡር ጣቢያ እየሄደች የሚወርደውን ሰው ሁሉ ፊት ፊቱን ታይ ነበር፤ ከወገኖቿ ማንም አልወረደም። በ1946 ከሌሎች ወላጅ አልባ ልጆች ጋር በመርከብ ወደ ፍልስጥኤም ስትሄድ፣ “እዚያ ውሻ ቢመጣብኝስ?” አለቻቸው። “ማባዛት ጠይቂው፤ እኔ እንደምሸሸው ይሸሻል” አሏት። ከዚያ በኋላ ዓይን ለዓይን አልተያዩም፤ በየዓመቱ በፋሲካ ሰሞን ግን በስልክ ይነጋገሩ ነበር።

እማማ ኤቫንትያ በ1953 ከአቶ ታናሲስ ጋር በቁርባን ተጋብተው ስቴርዮስን፣ ዞዪንና ኤሌኒን ወለዱ። የመጨረሻዋ ለምን ኤሌኒ እንደተባለች ብዙዎቻችሁ ዛሬ ገና ሰማችሁ። በኮክ ማሸጊያ ፋብሪካው ጡረታ እስኪወጡ ሠሩ፤ የማሽኑ ጩኸት ለእኔ እኩሌታ ነው እያሉ ይቀልዱ ነበር። ባቡር ግን በዕድሜያቸው ሙሉ ተሳፍረው አያውቁም።

የዛሬ ሦስት ዓመት የጆያ ልጅ ከሃይፋ ደውሎ መሞቷን ነገራቸው። ልጃቸው ኤሌኒ ስትመጣ እናቷን ወጥ ቤት ቆመው አገኘቻቸው፤ የማንቆርቆሪያውን፣ የአበባ ማስቀመጫውን፣ የማቀዝቀዣውን ጠርሙስ ውሃ ሁሉ በረንዳ ላይ እየደፉ ነበር።

“እማዬ፣ ምን ሆነሻል?”

“ሰው ሞቶብኛል። ውሃ እንዳታስቀምጪ።”

“ማን ሞተብሽ?”

“የስምሽ ባለቤት።”

ከዚያ ወዲህ ንግግር አሳነሱ፤ ልባቸውም እየደከመ ሄዶ ባለፈው ሐሙስ ማለዳ በዘጠና አንድ ዓመታቸው አረፉ። ኤሌኒ የእናቷን ዓይን ከከደነች በኋላ፣ ማንም ሳያዝዛት፣ በቤቱ ያለውን ውሃ ሁሉ ደጅ አውጥታ ደፋች። የመታሰቢያው ንፍሮ ዘግይቶ የተቀቀለው በዚህ ምክንያት ነውና ጎረቤቶች ቅር አይበላችሁ።

እማማ ኤቫንትያ ሦስት ልጆች፣ አምስት የልጅ ልጆችና አንዲት የልጅ ልጅ ልጅ ትተዋል፤ በሃይፋም የጆያ ልጆች ዛሬ ውሃቸውን ደፍተው እዚያው ሆነው አብረውን ለሐዘን ተቀምጠዋል። ቸሩ አምላክ ነፍሳቸውን ከእሜቴ ሱልታና፣ ከአባታቸውና ቀብር ከሌላቸው ከእነያኮ ጋር ያሳርፍልን፤ ሲጠራቸውም በቀኛቸው በኩል ይጥራቸው።