ሽፍታ ሁሉ ኩፍኝ

ከከሚሴ ጨፋ ሮቢት በሚሄደው ሚኒባስ ከኋላዬ ሁለት የማይተዋወቁ ሴቶች ተቀምጠዋል። ወጣቷ ክንዷ ላይ ጥጥ ተለጥፎባታል።

«ምን ሆነሽ ነው የተወጋሽው ልጄ?» አሉ ትልቋ።

«ደም ሰጥቼ ነው፤ ለሩቤላ ምርመራ።»

«አሞሽ ነው?»

«አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። መውለድ አስበን ነው። ሰውነቴ በሽታውን የማይከላከል ከሆነ፣ ሳላረግዝ እከተባለሁ።»

«ምን ዓይነት በሽታ ነው?»

«ቀላል ትኩሳትና ሽፍታ ነው። እርጉዝ ከያዘ ግን ጽንሱን ይጎዳል።»

«እሱማ ኩፍኝ ነው! በልጅነትሽ አልወጣልሽም?»

«እኔም እንደዚያው ብዬ ነበር። ነርሷ ‹ኩፍኝ ሌላ፣ ይኼ ሌላ› አለችኝ። እኛ ሽፍታውን ሁሉ ኩፍኝ እንላለን።»

«ጽንሱን ምኑን ነው የሚጎዳው?»

«ልቡን፣ ዓይኑን። ብዙ ጊዜ ጆሮውን።»



«እኔም እርጉዝ ሳለሁ ሦስት ቀን ሽፍታ ወጥቶብኝ ነበር። ኩፍኝ ነው ብለው ጨለማ ቤት አስተኙኝ። የወለድኳት ልጅ አትሰማም። እሱ ይሆን?»

«ያ ረቢ! እኔ ምን አውቃለሁ እናቴ።»

«የት ነው የተመረመርሽው?»

«ለማን ፈልገው ነው?»

«ለታናሽ እህቷ። ከረመዳን በኋላ እንድራታለን።»

መውረጃዬ ሲያልፍ አየሁት፤ የት እንደተመረመረች ገና ስላልተናገረች ግን «ወራጅ አለ» አላልኩም።